አውራ ጣት የምታህል ክፍተት

ሰዓሊው ያቺን ክፍተት የተዋት ሳያውቅ ነው ወይስ አውቆ? በዚህች ጥያቄ ከራሴ ጋር ስሟገት ጸጉሬ ሸበተ፤ ፍርድ ግን አልተገኘም። ሳያውቅ ከሆነ እስከ ዛሬ የናቅሁት ንቀት ሲያንሰው ነው። አውቆ ከሆነ ግን ንቀቱን ከእሱ ላይ አንስቼ ሌላ ሰው ላይ መጣል ይኖርብኛል፤ ያ ሌላ ሰው ማን እንደሆነ አንባቢ ራሱ ይደርስበታል።

ነገሩ የሆነው ዳንግላ ነው፤ በሃምሳዎቹ አጋማሽ፣ ፋሲካ ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት። ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ሴት ሆኜ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። የተወለድኩት ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። ገና በልጅነቴ ተድሬ፣ ትዳሩን አይቼ፣ ትዳሩም እኔን አይቶ ተለያየንና ዳንግላ ወደምትኖረው አክስቴ መጣሁ። ፊደል የቆጠርኩት እኩዮቼ ሁለተኛ ልጅ በሚያዝሉበት ዕድሜ ነው። ወገቤ ላይ ከሚደርሱ ልጆች ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ፣ «እናታችን» እየተባልኩ ስምንተኛ ደረስኩ። ብዙ አልናገርም። ባለሱቁ ጨው የሚጠቀልልበትን የጋዜጣ ቁራጭ ሳይቀር ዘርግቼ አነብ ነበር። ከትምህርት ሁሉ የምወደው ጂኦሜትሪን ነው፤ እዚያ ውስጥ «ይመስለኛል» የሚባል ነገር የለም። መስመር ወይ ይገጥማል ወይ አይገጥምም።

ይህን ከትምህርት ቤት በፊት ያስተማረችኝ አክስቴ እትዬ ዘርፌ ናት። እትዬ ዘርፌ ስፌት ሰፊ ናት። አማርኛ ትሰማለች እንጂ አትናገርም፤ አፍ ላይ ይቀዘቅዛል ትላለች። በቤታችን የሚነገረው የአገዎቹ ቋንቋ አውኚ ብቻ ነበር።

ስፌት የማያውቅ አንባቢ ይኖር ይሆናልና ጥቂት ልበል። ሰፌድም ሆነ የመሶብ ክዳን ከመካከል ተጀምሮ ዙር በዙር እየሰፋ ይሄዳል። ቀለም የተነከረው የአክርማ ሳር ገብቶ ጥለቱ ሲጀመር፣ ሰፊዋ የወስፌዋን ቀዳዳ ትቆጥራለች። ሳትቆጥር የጀመረች እንደሆነ ቀዩና ጥቁሩ ሦስት ማዕዘን ተከታትሎ ዞሮ ሲመጣ የመጨረሻው ከመጀመሪያው ጋር አይገጥምም፤ በመካከላቸው ባዶ ይቀራል። ይህ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። መሶቧ ያልገጠመላት ሴት እንግዳ ሲመጣ ክፍተቱን ወደ ግድግዳ ታዞረዋለች። እንግዶቹ ሴቶች ከሆኑ ደግሞ መጀመሪያ የሚያዩት በግድግዳው በኩል ያለውን ነው።

አክስቴ ክፍተት ሲመጣባት ቀድማ ታየውና ለየሦስት ማዕዘኑ አንዳንድ ቀዳዳ እየጨመረች ትዘጋዋለች። እኔ ይህን አልወድም፤ ላልገጠመው ብዬ የገጠሙትን ለምን አበላሻለሁ? የቀረውን ባዶ ለሁለት ከፍዬ፣ ግማሹን በቀይ ግማሹን በጥቁር፣ ሁለት ቀጫጭን ሦስት ማዕዘን አድርጌ እደፍነዋለሁ። አክስቴ ይህን ልማዴን ስታይ ወስፌዋን አስቀምጣ ትቆጣኝ ነበር።

ሰዓሊው የከተማችን የአንድ ትልቅ ነጋዴ የእህት ልጅ ነው። ስሙን አልጽፍም፤ ተጽፎ ቢያየው ደስ ይለዋል። አምስት ዓመት ውጭ አገር ተምሮ መጣ ተባለ። ምን ተምሮ እንደመጣ አጎቱም በቅጡ አያውቁትም፤ ሲጠየቁ «የውጭ አገር ትምህርት ነው» ብለው ይዘጉታል። በሚያዝያ ፀሐይ አንገቱ ላይ የሱፍ ጨርቅ ጠምጥሞ ይሄዳል። ቆም ብሎ የሳር ቤት ክዳን እያየ ራሱን ይነቀንቃል፤ ባለቤቱ ቤቱ ሊፈርስ ነው ብሎ ይደነግጣል።

ሦስት ቀን ሙሉ ከሰዓት በኋላ እኛ ቤት እየመጣ ተቀመጠ። አክስቴ የሰፋችውን ሁሉ አስወጥቶ በትንሽ ደብተር ገለበጠ። ማን እንደሰፋችው አልጠየቀም። ስንት ቀን እንደፈጀ አልጠየቀም። እንዴት እንደሚገጥም አልጠየቀም። ጠላዋን እየጠጣ «ንጹሕ ቅርጽ፣ ጥንታዊ ቀለም» ይላል። የአክስቴን አውኚ እኔ ወደ አማርኛ እተረጉምለታለሁ። አክስቴ ሊገዛ ይሆን ብላ ጠየቀችኝ፤ አይደለም አልኳት። ታዲያ ምን አደከመው አለች። ይህንንስ አልተረጎምኩለትም።

ቀጥሎ ሥዕሎቹ በትምህርት ቤታችን ይታያሉ ተባለ። ከአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ያውቃሉ የተባሉ አንድ ሽማግሌ እንግዳ ይመጣሉ። ዲሬክተራችን አቶ መኩሪያ ጠሩኝ። አቶ መኩሪያ አማርኛቸው የተጣራ፣ ሱሪያቸው የተተኮሰ፣ ከወደ ብቸና መጡ የሚባሉ ሰው ናቸው። በግቢው ውስጥ አውኚ ሲናገር የሰሙትን ልጅ ያንበረክኩ ነበር። ዕድሜው ያለፈ ተማሪ ለስምንተኛ ክፍል ፈተና የሚቀመጠው እሳቸው ሲፈርሙለት ብቻ ነው፤ የእኔ ፎርም መሳቢያቸው ውስጥ ከገባ ሦስት ሳምንት ሆኖታል።

«ሥዕሎቹን የምትጠብቂው አንቺ ነሽ፤ ከልጆቹ የምትሻዪው በዕድሜ ነውና» አሉኝ። «አንዲት ወረቀት ብትበላሽ ፎርምሽ እዚሁ መሳቢያ ውስጥ ያረጃል።»

ፈተናው ካለፈኝ ምን እንደሚጠብቀኝ አውቃለሁ። አባቴ ሚስቱ የሞተችበት አንድ ገበሬ አግኝተውልኛል፤ የሚጠብቁት ትምህርቴ መቆሙን ብቻ ነው።

አርብ ዕለት ከአንድ ክፍል አግዳሚዎቹ ወጡና አሥራ ስምንት ወረቀቶች ግድግዳው ላይ ተሰቀሉ። በባለቀለም እርሳስና በቀለም የተሠሩ ናቸው። ሰው የለም፤ ዛፍ የለም፤ ከብት የለም። ክብ፣ ሦስት ማዕዘን፣ አራት ማዕዘን ብቻ። አብስትራክት ነው አለን ሰዓሊው፤ ስንት ጊዜ እንዳለው ብቆጥር ኖሮ የአንድ ሰፌድ ዙር ይሞላ ነበር። ቅርጹንስ አልናቅሁትም። ቅርጽ ብቻ ያለበት ነገር ማየት ለእኔ አዲስ አልነበረም፤ ያደግሁት በእሱ መካከል ነው። የናቅሁት ሥራውን ነው። መስመሩ ይንቀጠቀጣል። አረንጓዴው ከቢጫው አጠገብ የተቀመጠው እርሳሱ ለእጁ ስለቀረበ ይመስላል።

አሥራ አንደኛው ወረቀት ግን የአክስቴ መሶብ ክዳን ነበር። አወቅሁት፤ ሰው የራሱን ላም ከሩቅ ያውቃል። መካከሉ ባዶ ክብ፣ ዙሪያውን ቀይና ጥቁር ሦስት ማዕዘኖች። አክስቴ ስትሰፋው ገጥሞ ነበር፤ እሱ ሲገለብጠው አልገጠመም። በመጨረሻውና በመጀመሪያው መካከል አውራ ጣት የምታህል ነጭ ክፍተት ቀርታለች።

በሕይወቴ መምህር ያልጠየቀኝን ተናግሬ አላውቅም። ያን ዕለት ግን ተናገርኩ።

«ይቺ እኮ አልገጠመችም» አልኩት፤ «ሲቆጥሩ ስተዋል።»

ሲጋራውን እያቀጣጠለ ነበር። ወደ ሥዕሉ ዞሮ እንኳ አላየም። «እህቴ፣ ይህ ሰፌድ አይደለም» አለኝና ክብሪቱን ወለሉ ላይ ጣለው። አቶ መኩሪያ በሩ ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር፤ በዓይናቸው ገሠጹኝ። ክብሪቱን አንስቼ ወጣሁ።

ቅዳሜ እንግዶቹ የሚገቡት በስምንት ሰዓት ነው። እኔ ከጠዋቱ ጀምሬ ብቻዬን ከአሥራ ስምንቱ ወረቀቶች ጋር ተቆለፍኩ። ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል። መጀመሪያ መጽሐፌን ገለጥኩ፤ አልገባልኝም። ዓይኔ እያመለጠ ወደ አሥራ አንደኛው ይሄዳል። ተነስቼ ማስመሪያዬንና ኮምፓሴን አወጣሁ፤ ልለካት ብቻ ነው ብዬ። ሦስት ማዕዘኖቹ አሥራ ሁለት ናቸው። ሲታዩ እኩል ናቸው፤ ሲለኩ እያንዳንዳቸው ከሚገባቸው በጥቂቱ ጠበብ ብለዋል። ያ ጥቂት በጥቂት ተደማምሮ ነው መጨረሻ ላይ ክፍተት የሆነው። ከመነሻው አልቆጠረም። በቃ፣ አልቆጠረም። አምስት ዓመት ባሕር ማዶ ተቀምጦ አክስቴ ለሰባት ዓመት ልጅ የምታስተምረውን ሳያውቅ መጣ።

የሰዓሊው የእርሳስ ቆርቆሮ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ቀዩና ጥቁሩ በደንብ ተቀርጸዋል።

ፎርሜ ትዝ አላለኝም ብል እዋሻለሁ። ትዝ ብሎኝ ነው ያደረግሁት። መሳቢያውን፣ የአባቴን ገበሬ፣ ሁሉንም አስቤ ሳበቃ ክፍተቷ እዚያው ነበረች። ለሁለት ከፈልኳት። ግማሹን ቀይ፣ ግማሹን ጥቁር፣ ሁለት ቀጫጭን ሦስት ማዕዘን። ከእሱ መስመር የእኔ ይቀና ነበር። ጨርሼ ወደኋላ ስል ክቡ ተዘግቷል፤ ደረቴ ውስጥም አንድ ነገር ተዘጋ።

ያኔ ነው ፍርሃቱ የመጣው። አዲሱ ቀይ ከቀድሞው ይደምቃል። በጣቴ አሸሁት፤ ጣቴን ብቻ አቀላው። በላጲስ ብነካው ወረቀቱ ይላጣል። ከዚያ በኋላ እስከ ስምንት ሰዓት የሆነውን ጊዜ አንባቢ ራሱ ይለካው፤ እኔ አልቻልኩም።

በስምንት ሰዓት ሰዓሊው ቀድሞ ገባ። በወረቀቶቹ ፊት አለፈ፣ በአሥራ አንደኛውም ፊት አለፈ፤ የሱፍ ጨርቁን በመስኮቱ መስታወት እያየ ያስተካክል ነበር። ቀጥለው አጎቱ፣ አቶ መኩሪያ፣ የከተማው ትልልቅ ሰዎች፣ በመጨረሻም እንግዳው ገቡ። እትዬ ዘርፌና ሁለት ጎረቤቶቿ ነጠላቸውን አጣፍተው ከበሩ አጠገብ ቆሙ፤ ሰዓሊው «የሕዝብ ጥበብ እናቶች» ብሎ ለማሳየት አስጠርቷቸው ነው።

እንግዳው ቀስ ብለው እያዩ መጡ። ከአንደኛው እስከ አሥረኛው ያሉት ነገር «እህ» ብቻ ነው። አሥራ አንደኛው ላይ ቆሙ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አጠለቁ። እኔ ቀዩን ጣቴን መዳፌ ውስጥ ደበቅሁ።

«እነዚህ ሁለቱ ቀጫጭኖች ለምን ከሌሎቹ ተለዩ?» አሉ።

ሰዓሊው ጠጋ ብሎ አየ። አንድ ትንፋሽ ያህል ዝም አለ። ያቺን አንድ ትንፋሽ ስንት ዓመት እንደተመላለስኩባት! ወደ እኔ ይዞራል ብዬ ጠበቅሁ። አልዞረም።

«ሥዕሉን በሙሉ የሠራሁት ለእነሱ ስል ነው» አለ። ከዚያ ወረደበት። ሁለቱ ቀጫጭኖች የዘመናችን ሰው ናቸው፤ ቦታ የጠበበው፣ በሙሉዎቹ መካከል ተጨንቆ የቆመ። ቀዩ ፍላጎቱ ነው፣ ጥቁሩ ፍርሃቱ ነው። እነሱን ለማግኘት ሁለት ወር ታግሏል። እጁን ሲያወናጭፍ ጣቱ እኔ ጠዋት በቀባሁት ቀለም ላይ ሊያርፍ ምንም አልቀረውም። የከተማው ትልልቅ ሰዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። ከነሱ አንዱ ቀደም ብሎ ሥዕሉን የመንግሥት ካርታ መስሎት ዳንግላ የት ጋ እንዳለች ጠይቆኝ ነበር፤ ከሁሉም በላይ የነቀነቀው እሱ ነው።

በዚህ መካከል አክስቴ ሰዎቹን ገፋ አድርጋ መጣች። ሥዕሉን አየች። ክዳኗን አወቀችው፤ ሁለቱን ቀጫጭኖች አወቀች። ከዚያ ድምጿን ሳትቀንስ በአውኚ ተናገረች። ይህ የእኔዋ ልጅ እጅ ነው አለች። ስንቴ እንዲህ አትድፈኚ ብያታለሁ፤ ሳይቆጥር የጀመረ ሰው ላጠፋው እሷን ምን አገባት!

ሁለቱ ጎረቤቶቿ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ከወንዶቹ የሳቀ የለም። እኩሌቶቹ አውኚን ከጡት ጋር የጠቡ ናቸው፤ ግን ከአዲስ አበባ በመጣ ሰው ፊት የገጠር ቋንቋ የሰማ ጆሮ ያለው አልተገኘም። ሁሉም ኮርኒሱን ያያል።

«እናታችን ምን አሉ?» አሉ እንግዳው።

አቶ መኩሪያ ወደ እኔ ዞሩ። «ይጠብቁሻል፣ ተርጉሚ» አሉ።

እውነቱን ብናገር ሰዓሊው በዚያች ደቂቃ ያልቃል፤ የተመኘሁትም ይህንኑ ነበር። እኔም አብሬው አልቃለሁ። ሥዕሉን አየሁ፣ አቶ መኩሪያን አየሁ፣ አክስቴን አየሁ።

«በጣም ደስ ብሎኛል፣ እጁን ይባርክ ነው ያሉት» አልኩ።

እንግዳው ለአክስቴ እጅ ነሱ። ሰዓሊው ፈገግ አለ፤ ጥርሱ ሲጋራ ያጠቆረው ነው። አክስቴ ግን አማርኛ ትሰማለች ብያለሁ። ነጠላዋን መልሳ አጣፍታ ወጣች። ቤት ስደርስ አክርማ እየሰነጠቀች አገኘኋት። ቀና ሳትል «ዛሬ እጁን የባረክሁት የማንን ነው?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ እስክትሞት ነገሩን አላነሳችውም፤ እኔም ዳግመኛ ከአጠገቧ ተቀምጬ አልሰፋሁም።

እንግዳው አሥራ አንደኛውን ወረቀት ወደዱትና ሰዓሊው አበረከተላቸው። ሌሎቹን አሥራ ሰባት ጠቅልዬ ሳስረክበው ሳያያቸው ተቀበለኝ፤ «ጎበዝ ጠባቂ ነሽ» አለኝና መኪናው ላይ ወጣ። ሰኞ ጠዋት ፎርሜ ተፈረመ። ፈተናውን አለፍኩ፣ መምህርነት ተማርኩ፣ እንጅባራ ላይ ሠላሳ ዓመት ሒሳብ አስተማርኩ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ነገሩ ትንሽ ነው ትል ይሆናል፤ ሁለት እርሳስ፣ አንድ ውሸት። እኔን ግን ለሁለት ከፈለኝ። ከዚያ ወዲህ ራስ የሚነቀንቅ ሰው አላምንም። የሚያብራራ ሰው ደግሞ ከነቅናቂው ይብስብኛል፤ ሥራው ካልተናገረለት አፉ ምን ሊጨምርለት ነው? ያን ሰዓሊ ንቄው ኖርኩ። የሌላ ሰው እጅ የሠራውን ለራሱ ነፍስ አድርጎ የተረጎመ ሰው ነው። ታዲያ የአክስቴን ቃል አገላብጬ የተረጎምኩትስ እኔ ምንድን ነኝ? እሱ እንኳ የዋሸው ስለ ወረቀት ነው።

ከዚህም የባሰ አለ። አርጅቼ ስለ አዲሱ ሥዕል ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ፣ ክፍት የተተወ ክብ ሆን ተብሎ እንደሚሠራ ደረስኩበት። «ይህ ሰፌድ አይደለም» ያለኝ ምናልባት ይህን ሊለኝ ይሆን? እንዲህ ስል ደግሞ የእሱ ማብራሪያ ትዝ ይለኛል። ክፍተቷን አውቆ ከተዋት፣ ተደፍና ሲያያት «ይህ የእኔ አይደለም» ለማለት አንድ ትንፋሽ ተሰጥቶት ነበር። በዚያች ትንፋሽ የመረጠውን መረጠ። ስለዚህ ወይ ክፍተቷን አላወቃትም፣ ወይ አውቆ ከዳት። የትኛው እንደሚሻል እስካሁን መወሰን አልቻልኩም፤ የእኔን ጥፋት ግን ሁለቱም አያቃልሉትም። ለዚህ ነው በሠላሳ ዓመት ውስጥ በተማሪ ደብተር ላይ እጄን አሳርፌ የማላውቀው። ስሕተቱን በጎን እጽፋለሁ፤ የሚያርመው ራሱ ነው። ልጆቹ ጨካኝ ይሉኛል። ይበሉ።

ይህን ለሰው የነገርኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ሲቀረኝ ፈተና ልቆጣጠር ግምጃ ቤት ወደምትባል መንደር ተላክሁ። ገበያ ቀን ነበር። በአንድ አጥር ሥር ጋቢ ለብሰው ፀሐይ የሚሞቁ ሽማግሌ ሰላም ስል አቶ መኩሪያ ሆኑ። ጡረታ ወጥተው እዚያ መኖራቸውን አላውቅም ነበር። አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ለምን በዚያን ዕለት እንደሆነ አላውቅም፤ ሁሉንም ነገርኳቸው። እርሳሱን፣ ቀዩን ጣቴን፣ አክስቴ ያለችውንና እኔ «ብላለች» ያልኩትን። «ያን ዕለት ዋሽቼዎታለሁ» አልኳቸው።

ገበያተኛው በፊታችን ያልፋል፤ አንዲት ሴት ሰላም አለቻቸው፤ አጸፋውን መለሱ። ከዚያ ለእኔ መለሱልኝ፤ በአውኚ፣ በዚያው በግምጃ ቤት ገጠር አነጋገር፣ አንድ ቃል ሳይጎድል። አልዋሸሽኝም አሉ፤ አክስትሽ ያለችውን ካንቺ እኩል ሰምቻለሁ።

«ታዲያ ለምን አስተረጎሙኝ?» አልኩ፤ እኔም ሳላስበው በአውኚ ነበር።

እንግዳው ወደ እሳቸው ዞረው እንዳይጠይቋቸው ፈርተው ነው አሉኝ። ያስተረጎሙኝ እሳቸው እንዳይተረጉሙ ነው። የተወለዱት እዚሁ መንደር ነው፤ ብቸና የአጎታቸው አገር ነው። ያንበረከኳቸውን ልጆች ስም አንድ በአንድ ያስታውሳሉ።

እሳቸው ግን አልጨረሱም ነበር።

«ክፍተቷንም አርብ ዕለት አይቻታለሁ» አሉኝ። «እናቴ ስፌት ሰፊ ነበረች። አንቺስ ነገርሽው።»